ከበሶው በፊት

ፖሊስ ሸዋረጋን የጠራት ለምላሷ እንጂ ለጭንቅላቷ አልነበረም። ዐረብኛም አማርኛም ታውቃለች ተብሎ ነው ከኸሊፋ ሲቲ እስከ አል ዓይን በመኪና ያመጧት። አቡ ዳቢ አጠገብ ባለችው ኸሊፋ ሲቲ የሰው ቤት ልጆች ስታሳድግ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት ደሴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ወንጀል መርማሪ እንደነበረች የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ሰው ሞግዚት ናት ብሎ ሲንቃት አፉን እንደልቡ እንደሚከፍት ካወቀች ቆይታለች።

«እኔ የምለውን ትነግሪያቸዋለሽ፤ እነሱ የሚሉትን ትነግሪኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ምንም» አላት መቶ አለቃ አብዱልመጂድ። ጢሙን በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ትዕግሥት ግን ያልፈጠረበት ወጣት ነው። «ፋይሉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ገባኝ» አለች ሸዋረጋ። መግባቱስ ገብቷታል፤ እሺ ማለት ግን አላሰበችም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ በዋለው አራተኛ ዓርብ፣ የአቡ ዳቢና የአል ዓይን ሐበሾች የእግር ኳስ ቡድኖች ለዋንጫ አል ዓይን ላይ ተጋጠሙ። ሁለቱ ቡድኖች ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ የአቡ ዳቢው አጥቂ ጉልላት፣ ማንም ሳይነካው፣ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሆስፒታል ገብቶ አመሻሹ ላይ ሞተ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ፀሐይ መታው አለ። አስከሬኑ ሲመረመር ግን የገደለው ካፌይን ነው ተባለ፤ ያ ቡና ውስጥ ያለው፣ እንቅልፍ የሚያባርረው፣ ተጣርቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው ነገር። መቶ ስኒ ቡና በአንድ ትንፋሽ የጠጣ ያህል ነበር የተገኘበት።

ከጨዋታው በፊት በሶ በጥብጣ ለአቡ ዳቢ ተጫዋቾች ያቀረበችው ፋንታዬ ናት። አል ዓይን፣ አል ቶዋያ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ፣ ከጉልላት ጋር ቀለበት ያሰረች ልጅ። ሜዳው ዳር ከእሱ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰው አይቷታል። ካፌይኑ ከታወቀ ጊዜ ጀምሮ ታስራለች፤ ፋይሉም የሚሄደው በእሷ ስም ነው፣ በነፍስ ግድያ።

ፋንታዬ ስትገባ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ከታሰረች አንድም ቀን እንዳላለቀሰች ሴቷ ጠባቂ ለመቶ አለቃው ነግራዋለች፤ እሱም ማስረጃ ብሎ ጽፎታል። ሸዋረጋ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ያላለቀሰ ሁሉ ገዳይ ከሆነ፣ ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችው እሷ ራሷም ባሏን ገድላዋለች ማለት ነው።

«ለምን ተጨቃጨቃችሁ ይልሻል» አለቻት ሸዋረጋ።

«የራሳችን ጉዳይ ነው በይው።»

«እንደሱ አልለውም። እኔም እንዳንቺ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ፋንታዬ። ዛሬ ካልተናገርሽ ነገ የሚሰማሽ የለም።»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ሸዋረጋ አስጠጋች። «ተው አልኩት፣ እትዬ። ከጨዋታው በኋላ ማይክ ይዤ እናገራለሁ አለኝ። እሸቱ የሚባል ተጫዋች ነበር፤ የካቲት ላይ ልምምድ ሲሠራ ልቡ ታሞ ወድቆ ሀገሩ ገባ። እሱን እዚያ ያደረሰውን ሰው በስሙ እጠራለሁ አለ።»

«ስሙን ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ነገር አትፈልግ፣ ሥራህን ታጣለህ አልኩት። ተቆጣ። በሶውን ስሰጠው በእጁ ገፋውና ‹ሆዴ ሙሉ ነው፣ ሲያልቅ እጠጣዋለሁ› ብሎኝ ሄደ። ሌሎቹ ግን ከዚያው ከአንዱ ጆግ ጠጡ። ከጨዋታው በኋላ እንዲበሉም ዶሮ ወጥ ሠርቼ ነበር። ማን በላው፣ ተደፋ።»

«በሶው ላይ ምን ጨመርሽበት?»

«ውሃ፣ ማር፣ ትንሽ ጨው። ሌላ ምን ይጨመርበታል?»

ሸዋረጋ አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። መቶ አለቃው ብዕሩን እንኳ አላነሳም። «አልጠጣም ትበል እንጂ የቡድኑ ሰብሳቢ ዘካርያስ ሲጠጣ አይቶታል።»

«የአስከሬን ምርመራው ወረቀት ላይ፣ ከካፌይኑ ሌላ ሆዱ ውስጥ ምን ተገኘ ይላል?»

«አንቺ አስተርጓሚ ነሽ።»

«ለመተርጎም እኮ ነው። እኛ ለበሶ ብዙ ቃል አለን።» ውሸቷን ነው፤ ያለን አንድ ቃል ነው።

ወረቀቱን እያጉረመረመ ገለጠ። «ወተት፣ ስኳር፣ ሄል። ያው የእናንተ መጠጥ።»

ሸዋረጋ ሦስቱን በልቧ ያዘች። ጊዜው ገና ነበር።

ቀጥሎ የገባው የቡድኑ ወጌሻ አብዱረሂም ነው። አቡ ዳቢ አንድ ጂም ውስጥ ይሠራል። ሳይጠየቅ ተቆጥቶ ገባ።

«አዎ፣ ካፌይን ለልጆቹ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ደብቄ አላውቅም። ክልክልም አይደለም፤ ከሦስት ዓመት በፊት በስፖርት ከታገዱት መድኃኒቶች ዝርዝር ወጥቷል። ኳስ ማለት መሮጥ፣ መቆም፣ እንደገና መሮጥ ነው። ሰባኛው ደቂቃ ላይ እግር ሲዝል ይሄ ትንሽ ያቆያል።»

«ስንት ትሰጣቸዋለህ?» አለች ሸዋረጋ የመቶ አለቃውን ጥያቄ ሳትጠብቅ።

«ሰውየውን እመዝናለሁ፣ ዱቄቱንም በወርቅ ሚዛን እመዝናለሁ። ለአንድ ኪሎ ክብደት ሦስት ሚሊግራም፣ በእንክብል፣ ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት። የሁለት ብርቱ ቡና ያህል ነው። ከዚያ ሲያልፍ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይዘላል፤ ጨዋታውም አይሻልም፣ ይብሳል እንጂ። አፌ እስኪደርቅ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ጉልላትስ?»

«ከእሸቱ ወዲህ እንክብል ነክቶ አያውቅም። እሸቱ ከእኔ የወሰደው አንድ ነው፤ አራት ደርቦበት እንደዋጠ የሰማሁት ኋላ ነው። ማን እንደሰጠው አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው።»

«ዱቄቱ የት ይቀመጣል?»

«አቡ ዳቢ፣ በቡድኑ ሳጥን፣ ተቆልፎ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ዘካርያስ ጋ።»

«ጣዕሙስ እንዴት ነው?»

«ሬት ነው፣ እትዬ። በውሃ ብትሰጪው ይተፋዋል። ትኩስ፣ ስኳር የበዛበት፣ ቅመም ያለው ነገር ካልሆነ አይሸሽገውም።»

«ሆስፒታል አብረህ ነበርክ?»

«በር ላይ ነበርኩ። ሐኪሞቹን በእንግሊዝኛ ያነጋገረው ዘካርያስ ነው። ‹የወሰደው ነገር አለ ወይ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹በሶ ብቻ፤ ፀሐይ ነው› አለኝ። አመንኩት።» የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ቁጣው ተነነ።

የቡድኑ አምበል ንጋቱ ደግሞ በረኛ ነው፤ ወንበሩ ላይም እንደ በረኛ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ አንቺን ምን አገባሽ? እሱ ይጠይቅ፣ አንቺ ተርጉሚ።»

«ልክ ነህ» አለች ሸዋረጋ በለሰለሰ ድምፅ። «ጉልላት ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ እንዳልመጣ አሁን ብነግረው፣ አምበሉ ይህን ለምን ደበቀ ብሎ እሱ ራሱ ይጠይቅሃል።»

ጉልላት ኸሊፋ ሲቲ ሹፌር ነበር። አውቶቡሱ የሚነሳው ከመሀል አቡ ዳቢ ስለሆነ ሌላ ሰው ይዞት መጥቷል ብላ ገምታ ነው ነገሩን የጣለችው። ንጋቱ እጁን ሰበሰበ።

«አልደበቅሁም፤ የጠየቀኝ የለም። ዘካርያስ በራሱ መኪና ነው ያመጣው። ሁለቱ በእሸቱ ነገር ተኳርፈው ነበርና እንታረቅ ብሎ ጠራው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በአል ዓይን መንገድ ስናልፍ አንድ ካፊቴሪያ ደጅ ቆመው አየናቸው። ክላክስ ነፍቶ ካራክ አዝዟል፤ አስተናጋጁ ሁለት ስኒ በትሪ ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ አይቻለሁ። ታረቁ ብለን አጨበጨብን።»

ካራክ የዚህ ሀገር ሻይ ነው፤ ወተቱ፣ ስኳሩና ሄሉ አብሮ ይፈላል፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ይጠጣል። ሸዋረጋ ንግግሩን ለመቶ አለቃው ስትተረጉም ድምፅዋን አልቀየረችም። እሱ ሰዓቱን አየ።

መጨረሻ ዘካርያስ ገባ። አንድ የግንባታ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው። ለመቶ አለቃው በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጠ። ወደ ሸዋረጋ ዞረና «ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ በትክክል ይተርጉሙልኝ እንጂ» አላት። እርስዎ ያላት አክብሯት አይደለም፤ እንዳትጠጋው ነው።

«እሞክራለሁ። ጉልላት ሜዳው ሲደርስ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። ከዚያ እጮኛው ዘንድ ሄደ። ተጨቃጨቁ። እሷ ለብቻው በትልቅ ብርጭቆ በሶ ሰጠችው፣ ጠጣ። ይህንን ቃሌን ከዚህ በፊት ሰጥቻለሁ።»

«መንገድ ላይ ቆማችሁ ነበር?»

የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ሻይ ልጠጣ ብዬ ቆሜያለሁ። አንድ ካራክ።»

«ንጋቱ ሁለት ስኒ አይቻለሁ ይላል።»

ዘካርያስ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዘግየት ብሎ ነው የመጣው። «እውነት ነው፣ ሁለት ነበር ያዘዝኩት። እሱ ግን አልነካውም። ዓርብ አይደል? ‹ጾም ነው› ብሎ መለሰልኝ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ እናንተ ኦርቶዶክሶች ግን ዓርብ ወተት እንደማትቀምሱ እያወቅሁ ማዘዜ የእኔ ጥፋት ነው። ሁለቱንም እኔው ጠጣኋቸው።»

«ጾም ነው አለህ።»

«በዚሁ ቃል። ጥብቅ ጾመኛ ልጅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

ሸዋረጋ ቃል በቃል ተረጎመች፤ ከዚያ መቶ አለቃውን እንዲጽፈውና ዘካርያስን እንዲያስፈርመው ለመነችው። ዘካርያስ ደስ ብሎት ፈረመ። እሷ ደግሞ ፊርማውን ደግማ አየችው። ደሴ ከለቀቀች ወዲህ እንዲህ ያለ ስሜት ተሰምቷት አያውቅም፤ ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር።

«ጨረስን» አለ መቶ አለቃው ፋይሉን እየዘጋ። «ኸላስ።»

«አልጨረስንም። አራቱንም አንድ ላይ ይጥሩልኝ። ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። ከተሳሳትኩ ቪዛዬን የያዘው አሠሪዬ፣ ካፊሌ ጋ ደውለው ነገ ወደ ሀገሬ ያስልኩኝ።»

መቶ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን ቀና ብሎ አያት። «ከሞግዚትነት በፊት ምን ነበርሽ?»

«እንደርስዎ ነበርኩ፤ ጢም ሲቀር።»

አልሳቀም። ግን አስጠራቸው።

አራቱም ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። በእሸቱ ነገር የተኳረፉት አብዱረሂምና ንጋቱ ጀርባ ለጀርባ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ፋንታዬን ማንም አላያትም። ሸዋረጋ ቆማ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ መልሳ በዐረብኛ እየተናገረች ጀመረች።

«ከሆዱ እንነሣ። ጉልላት ሆድ ውስጥ ወተት፣ ስኳርና ሄል ተገኝቷል። መቶ አለቃ ይህንን በሶ ነው ብለው ያዙት። አይፈረድባቸውም፤ በሶ አይተው አያውቁም። በሶ የገብስ ዱቄት ነው፤ የሚበጠበጠው በውሃ ነው። የሟቹ ሆድ ውስጥ ገብስ የለም። ስለዚህ ፋንታዬ እውነቷን ነው፤ በሶውን አልጠጣም። ጠጥቷል ያለው ዘካርያስ ብቻ ነው።»

«ከሩቅ ነው ያየሁት፤ ዓይኔ ሊያታልለኝ ይችላል» አለ ዘካርያስ።

«ይችላል። ታዲያ ወተቱን ከየት አመጣው? ሆዴ ሙሉ ነው ያላት ሜዳው እንደደረሰ ነው። ከሜዳው በፊት አብሮት የነበረው አንተ ነህ። ወተት፣ ስኳርና ሄል ያለበት ስኒ ደግሞ አንተ መኪና ውስጥ ገብቷል። አብዱረሂም እንዳለው፣ ያንን መራራ ዱቄት የሚሸሽገው ትኩስ፣ ጣፋጭና ቅመም ያለው ነገር ነው።»

«እንዳልጠጣ ተናግሬያለሁ። ዓርብ ነበር። ጾም ነበር።»

«አዎ፣ ተናግረሃል፤ ፈርመሃልም» አለች ሸዋረጋ። «ንጋቱ፣ አንተ ኦርቶዶክስ ነህ። ከፋሲካ በኋላ በአራተኛው ዓርብ ትጾማለህ?»

ንጋቱ ግንባሩን ቋጠረ። «ያን ጊዜማ ሃምሳው ነው። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም።» ከዚያ ዞሮ ዘካርያስን አየው።

ሸዋረጋ ወደ መቶ አለቃው ዞራ አስረዳች። ኦርቶዶክሶች ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ከወተትና ከሥጋ ይጾማሉ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ጾም የለም። ፋንታዬ በዚያው ዓርብ ለቡድኑ ዶሮ ወጥ ሠርታ መምጣቷም ለዚህ ነው።

«ጉልላት ጥብቅ ጾመኛ ነበር አልከኝ» አለችው መልሳ ዘካርያስን። «ጥብቅ ጾመኛ ደግሞ ሃምሳውን ጠንቅቆ ያውቃል። በዚያ ቀን ‹ጾም ነው› የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ያንን ቃል የፈጠርከው አንተ ነህ፣ ያውም እዚሁ ወንበር ላይ፣ ሁለተኛው ስኒ ሲነሣብህ። በሁዳዴ ሁለት ወር ሙሉ፣ ዓርብ ዓርብ ወተት ስታቀርብላቸው እምቢ ሲሉህ ለምደህ ይሆናል። ዓርብ ሁሉ ጾም መሰለህ። ፕሮቴስታንት መሆንህ ነውር የለበትም፤ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አውቃለሁ። ነውሩ በሰው ጾም ላይ ተከልለህ መዋሸትህ ነው።»

 ዘካርያስ መቶ አለቃውን በእንግሊዝኛ ሊያናግር አፉን ከፈተ፤ መቶ አለቃው በጣቱ ወደ ሸዋረጋ ጠቆመው።

«ለእሸቱ አራቱን እንክብል የሰጠኸውም አንተ ነህ» አለች። «የሳጥኑ ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ። አብዱረሂም ቢሆን ኖሮ ጉልላት በስሙ ለመጥራት ዋንጫ አይጠብቅም ነበር፤ ሁሉም እሱን እያማው ነበርና አዲስ ነገር የለውም። ሰው የማያማውን ሰው ነው በማይክ ሊጠራ የፈለገው።»

«ይዋጥ ያልኩት እንዲሮጥ ብዬ ነው» አለ ዘካርያስ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «የልብ ሕመም እንዳለበት ማን ነገረኝ? ያንን ልጅ ላጠፋው አልፈለግሁም። ጉልላትንም አልገደልኩትም። ውሃ ሊገዛ ሲወርድ ነው የጨመርኩበት። ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያስመልሰው ሰው እንዲያየው ብቻ ነበር። እሱም ይወስዳል ለካ ይባላል፤ ስለ እሸቱ ቢለፈልፍ የሚሰማው አይኖርም።»

«ስንት ጨመርክበት?»

«ሦስት። የሻይ ማንኪያ።»

አብዱረሂም ከወንበሩ ተነሣ። «አንዷ ማንኪያ ከአሥር እንክብል ትበልጣለች። እኔ በሚሊግራም ስመዝን አንተ አጠገቤ ቆመህ እየሳቅህብኝ አልነበር?»

«መሮታል አላለህም?» አለች ሸዋረጋ።

«ሄል በዝቶበት ነው አልኩት። ለዕርቅ የተሰጠ ነው ብሎ ጨረሰው።» ዘካርያስ ይህን ሲል የሸሚዙን እጅጌ እያስተካከለ ነበር። ሸዋረጋ በሕይወቷ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንደዚህ ሰው ያንገሸገሻት ግን አልነበረም።

ሁሉንም ተረጎመች። መቶ አለቃው ሲሰማ ቆየና «ጾም እንዳልነበረ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ተርጉሚ ብቻ ብለውኝ ነዋ።»

ጠባቂዎች ለዘካርያስ ካቴና አስገቡለት፤ እጁን ወደ ኋላ አድርገው። መቶ አለቃው በፋንታዬ ስም የተጻፈውን የመጀመሪያ ገጽ ከፋይሉ አወጣና ወደ በሩ በእጁ አመለከታት። ነፃ ናት። ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ ያን ያህል አልተማረም።

ፋንታዬ አልወጣችም። አብዱረሂም ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሆስፒታል ስንት ሰዓት በሕይወት ቆየ?»

«ፋንቱ፣ ተይው አሁን።»

«ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«ዱቄቱን እንደጠጣ ለሐኪሞቹ ቢነገራቸው ኖሮስ?»

አብዱረሂም ወደ ሸዋረጋ አየ፤ እሷ አልረዳችውም። «ምን እንደሚያክሙ ያውቁ ነበር» አለ። «ፀሐይ ነው ስለተባሉ በበረዶ ሲያቀዘቅዙት ነው የቆዩት። ሆዱን ያጥቡት ነበር። ለልቡም መድኃኒት አለው። ወጣት ነበር፣ ጠንካራ ነበር። የሚተርፍ ይመስለኛል።»

«ድገመው።»

«ለምን?»

«ለእሱ ንገረው» አለች በአገጯ ወደ ዘካርያስ እያመለከተች። «ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያወራው እሱ ነው። በአማርኛ ይስማው።»

አብዱረሂም ዞረ፣ ዘካርያስ ፊት ቆመ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩቡ ጀምሮ አንድም ቃል ሳያጎድል ደገመው። ዘካርያስ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ስለነበር ጆሮውን መድፈን አልቻለም።